አራት ሰከንድ

ይበራል።
ማራገቢያው ሽው ብሎ፣ አቧራ ሳይነካው ይዞራል፤
ሰማያዊ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት ብዬ ሳልጨርስ፣
ድርግም።
ይኸው ሰባት ሌሊት፣
እኛ ስንለኩስ፣ እሱ ሲጠፋ፣ እኛ ስንለኩስ።

በጋውን ሙሉውን፣ በፓርኑ ባሕር ዳር፣
አይስክሬም ሲቀዳ፣ ለሪጋ መንገደኛ ሲቸረችር፣
ልጄ ታቪ በላቡ፣ ቁራጭ በቁራጭ ሰበሰበው፤
ማዘርቦርዱን ሐምሌ፣ ፕሮሰሰሩን ነሐሴ ነው የገዛው።
ኬዙ ብቻ የኔ ምርጫ ነው።
እሱ ጎኑ መስታወት የሆነውን ነበር የፈለገው፤
«ብረት ብረት ነው» አልኩ፤ «ርካሽ ነው፣ ውሰደው።»
ወሰደው።

እኔ ኡርማስ ነኝ፤ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጄኔሬተር ጎን የተኛ፣
ባልቲክ ሲናወጥ፣ በጨለማ፣ በዳሰሳ፣
የሞተ ሞተር ከሞት ያስነሳ።
ሽቦ ይፈራኛል እል ነበር፣ ሰው ፊት።
«ተቀመጥ» አልኩት ልጄን። «ባትሪውን ያዝ፤ አብራበት።»
«አባ፣ ምናልባት…»
«ቆይ!» አልኩት።

ራሙን ነቀልኩ፤ አንዱን ተውኩ፣ አንዱን ሰካሁ፣ አገላበጥኩ፤
ሙቀት ነው ብዬ፣ ግራጫውን ቅባት ጠርጌ ደግሜ ለቀለቅኩ፤
በጣቴ ብነካው፣ እንደ ኅዳር ባሕር በረዶ፤
ከጎረቤቴ ከሬይን የተዋስኩት ፓወር ሳፕላይም፣ ውጤቱ ባዶ፤
ሶኬቱ ይሆን ብዬ፣ የፍሪጁን ነቅዬ ሰካሁት፤
(ቅቤው ቀለጠ። ማሬት አየችኝ። ምንም አላልኳት።)
ብሎን በብሎን ፈትቼ፣ ብሎን በብሎን አሰርኩት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ድርግም።

«አባ፣ ማብሪያው እኮ…»
«ቆይ ብዬሃለሁ!»
ጭጭ አለ። የጉርምስና ኩርፊያ ነው እላለሁ።
እንዲህ ከሆነ ሰንብቷል፤ ወሬ ይጀምርና፣
አራት ቃል ሳይሞላ፣ ፊቱ ይጠፋና፣
ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋል።
«ዕድሜው ነው፣ ያልፋል፣»
ለማሬት እንዲህ እያልኩ ስንት ክረምት አልፏል።

በሰባተኛው ሌሊት በረዶ ልጠርግ ወጣሁ፤
አካፋዬን አስደግፌ፣ ጫማዬን አራግፌ ስመለስ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤
ሽው… አምስት፣ ስድስት… ሽው… ሠላሳ፣ አርባ፤
ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፣ ፈርቼ ሳልገባ።

ታቪ ካቻቢቴ ይዟል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከቦርዱ ተነቅለው ተንጠልጥለዋል፤
መርፌ የሚያካክሉ ሁለት እግሮችን በካቻቢቴው ጫፍ ነክቷል፤ ያ ብቻ በቅቷል።
«ማብሪያው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ፤ «ቀዳዳው ጠቦታል፣ ገብቶ ይቀራል፤
አንዴ ሲጫን ቶሎ አይመለስም። አራት ሰከንድ ከተጫኑት ደግሞ ይጠፋል፤
ጥፋ መባሉ ነው። እሱም ይጠፋል።
ታዞ ነው እንጂ፣ አባ፣ ታሞ አይደለም።»

ታዞ እንጂ፣ ታሞ አይደለም።

ጥፋቱን ፍለጋ ሆዱን ስበረብር፣
ጥፋቱ ከደጁ፣ ከማብሪያው ነበር።
እሱ እንደታዘዘው፣ ቃል ሳይመልስ ሲጠፋ፣
እኔ ደሙን ስመረምር፣ ሳንባውን ስነፋ፣
ለካ ከላዩ ያልተነሳ ጣት ነበረ።
ኬዙን የመረጠው ማን ነበረ?

«ታዲያ…» አልኩና ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤
«ቆይ»ን የሚጠብቅ ፊት ነው ያሳየኝ።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ወንበሩን ለቀቅኩለት፤
ባትሪውን አነሳሁ፣ አብርቼ ያዝኩለት።
«ምናልባት ብለህ ነበር» አልኩ፣ «ያን ቀን።»
ዝም አለ መጀመሪያ። ውጭ በረዶው እንደገና ይጥላል።
ከዚያ፣ ስለ ኬዙ ያልሆነ ነገር፣ ቀስ ብሎ ጀመረ።
ባዶ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በሆዴ ቆጠርኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስት።