ድምፅ የላት

ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ፥ አንድ ቀን ሳትቆም፣
ሃይብሪዴን አዘዞ፥ ነዳኋት ሳትታመም።
«ዘይቱን ብቻ» አልሁት፥ «ድምፅ የላት፤ አትልፋ።»
ጥጋቡ ዝም ብሎ፥ የኋላውን ወንበር ገፋ።
ከሥሩ ባትሪዋ፥ የሚተነፍስበት አፍ፣
በአቧራና በገለባ፥ ታፍኗል ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
የልጄ የአምና አዝራር ሳይቀር፥ እዚያ ውስጥ ተወትፎ።

«ናፍጣ ሲታመም፥ ያስላል፣ ያጓራል፤
የዚች ግን ሕመሟ፥ ዝም ብሎ ይሠራል።»

ጠረገ፣ አራገፈ፥ የማቀዝቀዣውን ውኃ ለወጠ፤
ፍሬኗን ዳሰሰ፤ ደግሞ ጆሮውን ሰጠ።

ስመለስ ባለቤቴን፥ ከገበያ ጫንኋት ከኋላ፤
እንደ ሰሞኑ ዝም፤ ከ«ደኅና ነኝ» ወዲያ፥ ቃል የላት ሌላ።
ፒያሳ መታጠፊያው ላይ፥ ሞተሩ ዝም አለ፤
አልነዳሁም። ዞሬ፦ «እናኑ፣ ውስጥሽ ምን አለ?»