አራተኛው ስም ላይ

አባቴ ሲቆጥር ሰባት ቤት ዘሩን፣
እስከ አገጩ ስቦ አሮጌ ባናውን፣
«ወንድይራድ አጥናፌ፣ አጥናፌ ደስታ»
ብሎ ይጀምራል ምንም ሳያመነታ።
አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ ያስለዋል።
«ውኃ አምጪ» ይለኛል።
ቅሉን ይዤ ስመጣ አምስተኛው ላይ ደርሷል፤
መርድን፣ አቦዬን፣ ጎሹን ጨርሷል።

የጓሳ ብርድ ነው ደረቱን የያዘው
ብለን ባሕር ዛፍ ቀቅለን አጠንነው።

አንዴ ጠይቄው ነበር፣ «ተገኝ ማነው?» ብዬ።
«ጦር መጣ ሲባል ‹ተገኝ!› የሚሉት ወንድ ነው፣ ልጄ»
አለኝና ዞረ ወደ ግድግዳው።
እኔም ጀግና አልኩት፤ ጎራዴ ሰጠሁት፣
በሐሳቤ ፈረስ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩት።

አርባው በወጣ ማግሥት፣ የተማሪ ደብተር በብብቴ ይዤ፣
ከሞላሌ ተነሥቼ ጥድ አምባ ሚካኤል ወጣሁ፣ በጭጋግ ተጉዤ።
ቄሰ ገበዝ እንግዳሸት ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው
ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ ሦስቴ አማትበው፤
ወንጌሉን ከማኅደሩ እንደ ሕፃን አውጥተው
በአክርማ ስንጥር ብቻ፣ ጣት ያወዛል ብለው፣
ኅዳግ ኅዳጉን ይዘው ቁልቁል ይሄዱ ጀመር፦
ከወንዙ ማዶ የተሰጠ መሬት፣ ያጣላ ድንበር፣
የጠፋ ጽና፣ የሁለት ወይፈን ዋጋ፣
አይጥ የበላው ስም፣ ሰም የነጠበበት፣ ቀለሙ ያረጋ።

«አጥናፌ የሚባል እዚህ የለም» አሉኝ።
«ደስታም የለም። የዓለም ስም ደጅ ነው የሚቀር።
የክርስትናውን ንገሪኝ።»
አላውቀውም ነበር።

ገደሉ አፋፍ፣ ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ላይ ቆሜ
ለአክስቴ ለየሻሽወርቅ ደወልኩ፣ ነፋሱን ተቋቁሜ።
«የደስታ? ቆይ እስቲ… ገብረ እንድርያስ ነው።
ልጅ ሆኜ ፍትሐት ላይ ሲጠሩት ሰምቼው። ለምን ፈለግሽው?»

ተመለስኩ። ስንጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።
ገብረ እንድርያስ፣ የወልደ ሰንበት ልጅ።
ከወልደ ሰንበት ግርጌ፣ በሌላ እጅ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ዘተረክበ በአንቀጸ ቤተ ክርስቲያን።
ወአልሀቀቶ ወለተ ሐና፣ ወሰመየቶ ተገኘ።»

ቄሱ አነበቡና ዝም አሉ። ደግመው አነበቡ።
«በቤተ ክርስቲያን ደጅ የወደቀ ልጅ ነው» አሉ።
«ወለተ ሐና አሳደገችው። ስም አወጣችለት።
ዘመኑ ክፉ ቀን ነው፣ በሬ ያለቀበት፣
እናት ልጇን ለደጀ ሰላም የምታስረክብበት።»

ተገኘ።
ማነው ግዕዙን ወደ ሳድስ ያወረደው?
አንዲት ፊደል አጥፎ ወሬን ትእዛዝ፣ ሕፃንን ጦረኛ ያደረገው?
ፈረሱ ላይ ያወጣሁት ሰው ወረደ።
ከጥዱ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለቀሰ።

በጎሹ አጥንት ስንት ሸንጎ ቆመናል!
ስንት ማሳ ተካፍለን፣ ስንቱን «መጤ» ብለናል!
አባቴ ዋቢ ሆኖ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ምሏል።
ሳል አልነበረም ያ።

ወለተ ሐናን ግን የቆጠራት የለም።
የዓለም ስሟን አክስቴም፣ ቄሱም፣ ብራናውም አያውቁም።
ከአሥር ቅጠል በኋላ አንዴ ብቻ አለች፦
ባሏ መርድ በሞተ በዓመቱ፣ ለተዝካሩ፣
«አንድ በርኖስ ሰጠች።»
ብርድ በሚገድልበት አገር፣
ልጅ ታቅፋ፣ በርኖሷን ሰጠች።

ማታ ልጄ ኢዮስያስ እርሳሱን እየቀረጸ፦
«እማ፣ ሰባት ቤት አስቆጥሪኝ። በአንቺ በኩል። ነገ እንጠየቃለን።»
«ወንድይራድ» አልኩት። «አጥናፌ። ደስታ።»
ጉሮሮዬን ያዘኝ።
ልጁ ውኃ ሊያመጣ ብድግ አለ።
«ተቀመጥ» አልኩት።