ወንዝ የማያሻግር ፈቃድ

ግድግዳችን ላይ በመስታወት የገባ ወረቀት አለ፣
"ዊልማ ሃስከት የመስማት ሐኪም ናት" እያለ፤
የኢንዲያና ማኅተም ከግርጌው ተለጥፎ፣
የሚያበቃበት ቀን ከሥሩ ተጽፎ።
በየማለዳው አቧራውን የምጠርግለት እኔ ነኝ፣
ቀጠሮ የምይዝ፣ ስልክ የማነሳ፣ ቅጽ መሙላት የማይሰለቸኝ።
ከደጃችን ወንዙ ይታያል፣ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝግተኛ፤
ማዶው ኬንታኪ ነው፤ ማዶው ሌላ ዳኛ።

ኦሪን ትሬድዌል ከማዶ ነው ቤቱ፣
አርባ ዓመት የጭነት ጀልባ ሲበይድ አለቀ ጉልበቱ፤
መዶሻና ብረት ጆሮው ሥር ሲማከሩ
ቀጫጭን ድምፆች አንድ በአንድ ከሱ ተሰወሩ፤
መጀመሪያ ፌንጣዋ፣ ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣
በመጨረሻ የዶሪን፣ የሚስቱ፣ ሹክሹክታ በሌሊት።

ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣ ነበር በየመንፈቁ፣
ለእኔ ፖም በኪሱ፣ ለዊልማ ደግሞ ሳቁ።
ዘንድሮ ግን ዓይኑ ደከመ፣ መኪናውን ሸጠ፤
የጆሮው መሣሪያ ያፏጭ ጀመር፣ ቅንጅቱ ተናወጠ።
"በኮምፒውተር ላስተካክልልህ፣ ከወንበርህ ሳትነሳ"
ልትለው ነበር፤ እኔ ነኝ ያስታወስኳት፣ ሕጉ እንዳይረሳ።

ሕግ ሐኪሟ የቆመችበትን አይደለም የሚያየው፣
ጆሮው ያለበትን አፈር ነው የሚለየው።
"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባል የለ?
ለሐኪሙም ባዳ ሆነ፣ ወንዝ ማዶ ስላለ።

ለማዶው ቦርድ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አስደመጡኝ፣
"ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው" እያሉ አርባ ደቂቃ አስቀመጡኝ።
ከዚያ አንዲት ሴት፣ ጉንፋን የያዛት፣ ትሁት፣
ዘረዘረችልኝ፤ እኔም ጻፍኩት፦
የትምህርት ማስረጃ፣ በታሸገ ፖስታ፣ በእጅ የማይመጣ፤
አሻራ፣ እኛ ጋ ያለው ሳይሆን አዲስ የወጣ፤
ከሠራችባቸው ግዛቶች ሁሉ "አላጠፋችም" የሚል ቃል
(ኔብራስካ ሁለት ክረምት ሠርታለች፣ እሱም ይጠየቃል)።
"መመርመሩ ለብቻ፣ መሸጡ ለብቻ" የሚል አለ ከግዛቶቹ፣
"አንዱ ይበቃል" የሚልም አለ፣ እንደ ቦርዱ፣ እንደ ሰዎቹ፤
የሥልጠናውን ሰዓት አንዱ በዓመት፣ ሌላው በሁለት ይቆጥራል፣
እንደ ጎረቤታሞች ሰዓት፣ አንዱ ሲቀድም ሌላው ይቀራል።
"ግዛቶች ተዋውለዋል፣ አንዱ ፈቃድ ለሁሉ ይሆናል ይላሉ" አልኳት፤
"ይላሉ" አለችኝ፣ ተናፈጠች፤ ሌላ አልጠየቅኳት።

ዊልማ ቅጹን አየችና እስክሪብቶዋን ነከሰች፤
"ጆሮ ውስጥ ያለችው ቀንድ አውጣ የየት ዜጋ ናት?" ብላ ሳቀች።
ቆይታ ግን "ሕጉንም አትርገሚው" አለች።
"አባቴን አንድ ሻንጣ ያዥ መሣሪያ ሸጦለት ነበር፣
ባዶ ቀፎ ከነባትሪው።
እስኪሞት ድረስ 'በደንብ ይሰማኛል' ይለን ነበር።"

ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ።
ድልድዩ መሃል እንገናኝ አልኩ፣ ሌላ ብልሃት አጣሁ፤
ካርታ ዘረጋችልኝ፤ አይቼ አንገቴን ደፋሁ፤
ውሃው ከሞላ ጎደል የእነሱ ነው፣ እስከ እኛ ዳር፣ ከጥንት፣
የእኛ ድርሻ ጭቃው ነው፣ እሱም እስከ ቁርጭምጭሚት።

ቅዳሜ የልጅ ልጁ ሞተር ጀልባ ነድቶ
ኦሪን መጣ፣ በሕይወት አድን ጃኬት ላይ ካፖርት ደርቶ።
ዊልማ በእኛ ዳር ታጣፊ ወንበር ተክላ፣
ላፕቶፑን በጉልበቷ፣ ሽቦውን በአንገቷ ጠቅልላ፣
"እግርህ እዚያው ይቅር፣ ጭንቅላትህን አምጣልኝ" አለችው።
አልሰማትም። በእጇ ጠቆመችው።
አጎነበሰ ወደኛ፤
እግሩ ኬንታኪ ቀርቶ ራሱ ሆነ ስደተኛ።

ቁልፍ ነካች፤ ፉጨቱ ቆመ። ቀና አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
"ምንድነው?" አልነው። ዝም አለ፣ እንደሚጸልይ ሆኖ፤
ከዚያ "ውሃው" አለ፣ "የጀልባዋን ሆድ ይልሳል፤
አርባ ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ ለካ እሱም ያወራል።"

ሰኞ ማመልከቻውን ላክሁ፣ ከነአሻራው፣ ከነክፍያው።
ለሁለተኛው ወረቀት ምስማር መትቻለሁ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ፤
እስካሁን ባዶውን ነው።
በየማለዳው እሱንም እጠርጋለሁ።