ከነጥብ በኋላ ያለችው ባዶ

ሃያ ሁለት ዓመት ጠጠር ጭኛለሁ፣
ከጎማዬ ድምፅ ስንት ቶን እንዳነሣሁ አውቃለሁ፤
ከኬሚያርቪ ሐይቅ ማዶ፣ ከድንጋዩ ጉድጓድ፣
ለመቃብር ቦታ፣ ለሳውና ደጅ፣ ለእርሻ መንገድ፣
ያፈሰስኩት ሁሉ ቢከመር አንድ ላይ
ትንሽ ተራራ ይወጣዋል፣ ከሩቅ የሚታይ።

ማክሰኞ ጧት ስልኬ ጠራ።
"ሬይዮ፣ አንተ ነህ?"
ሂልካ ኮርፔላ ነበረች፣
ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማረች፣
ነጥብ ቦታዋን በሳተች ቁጥር
ቀይ እስክርቢቶዋን የምትሰነዝር።

"ከበሬ እስከ ሳውናው አሥራ አራት ሜትር ርዝመት፣
አንድ ሜትር ተኩል ስፋት፤
ጥልቀቱንም ይዤ አባዝቼዋለሁ፣
አሥር ሜትር ኪዩብ ተኩል እፈልጋለሁ።"

አሥር ተኩል?
ለአንዲት ጡረተኛ የእግር መንገድ?
ሌላ ሰው ቢሆን "ጥልቀቱ ስንት ነው?" እለው ነበር፣
"ሲረገጥ ይሟሽሻል፣ ከአሥር አንድ ይጨመር" ብዬ እመክር፤
ለእሷ ግን በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ከነጢሜ ከነቦርጬ፣
ያንኑ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣
"እሺ መምህር" አልኩ።

አሥራ ሰባት ቶን።
የመኪናዬ ጀርባ ቀስ እያለ ሲነሣ
መጀመሪያ ደቃቁ ሾለከ፣ ከኋላው ድንጋዩ አገሣ፤
የሳውናው በር ተደፈነ፣ የፖስታ ሣጥኑ ሰመጠ፣
የጎረቤት ውሻ ጮኾ ጮኾ፣ ደክሞት ተቀመጠ።
አቧራው ሲበርድ በረንዳዋ ላይ ቆማለች፣
ወረቀቷን ዘርግታ በጣቷ ትከተላለች፦
አሥራ አራት... አንድ ተኩል... ዜሮ ነጥብ...
እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር ያሰበችው።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት፤
አንዷን ዜሮ ዘለለቻት።
ምንም የምንላት፣ ባዶ የምንላት፣
ለካ እሷም ትጎድላለች፤
ባዶዋ ብትጠፋ ግቢው ሞላ።

አልሣቀችም። አልተቆጣችም።
የማስረከቢያ ወረቀቴን ተቀበለች፤
ዘጠኝ ዓመት ጡረታ፣ ቀዩ እስክርቢቶ ግን ከኪሷ አልወጣም።
ፈረመች። ከፊርማዋ ጎን አራት ቁጥር ጻፈች፣
በክብ ከበበችው።
በእኛ አገር ትምህርት ቤት አራት ማለት ወደቅህ ማለት ነው።

"አውቀህ ነበር?"
"ጠርጥሬ ነበር።"
"ታዲያ ለምን እጅህን አላወጣህም?"

መልስ አልነበረኝም። መኪናዬን አዞርኩ።

በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ፀሐይ አትጠልቅም።
እኩለ ሌሊት ላይ ታይስቶ የአንድ እግር ጋሪውን እየገፋ መጣ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአገጩ ብቻ ሰላም የሚላት ሰው፣
"የጓሮዬ መውጫ በውርጭ አብጦ፣ ሲቀልጥ ያዳልጣል" አለ፣
ሲያወራ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ነው።
ፒርኮ የልጇን መታጠቢያ ሳፋ ይዛ መጣች፤
መንትዮቹ የበረዶ መንሸራተቻቸውን በደረቁ ሣር እየጎተቱ፣
ይህን ሁሉ የነገሩኝ ቆይተው ነው፣ አላየሁትም፤
እኔ መጋረጃ ጋርጄ ተኝቼ፣ ያልወጣ እጄን እያሰብኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አካፋ ይዤ ሄድኩ።
ክምሩ ሟሙቷል፤ የቀረው ሹል ቆብ የመሰለ፣
አናቱ ላይ የመንትዮቹ ባንዲራ የተተከለ።
የሜትር ጥቅልሉን ወረወረችልኝ።
"መንገዴን ይሞላል? ለካና ንገረኝ።"

ዙሪያውን ሄድኩ፤ ከመሐል እስከ ጠርዝ አንድ ሜትር ከአሥር፣
ቁመቱ ሰማንያ አምስት፤ እንጨት አንሥቼ ጻፍኩ በአፈር፤
የመቀመጫው ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ፣
ለሦስት ተካፍሎ፤ ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ወርዶ ተንጠባጥቦ...

እጄን አወጣሁ።
እውነቴን ነው፣ ከጠጠሩ አጠገብ፣ አካፋ ተደግፌ፣ እጄን አወጣሁ።
"ሬይዮ።"
"አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።"
"አልሰማሁም፣ ከነጥቡ በኋላ ያለችው?"
"ዜሮ!" አልኩ፤
የጎረቤት ውሻ ቀና ብሎ አየኝ።