የማያልቅ በርጩማ

አዌቱ ጢም ብሎ፣ ዝናቡ ሲያገሳ፣
መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲነሳ፣
የጤና ጣቢያችን የካርድ ክፍል ኮምፒውተር ዘመን ይጠፋዋል፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ይነቃል፣
ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ስልሳ ሁለት ይላል፣
አባቴ እንኳ ያልዳኸበት ዓመት።

ሲስተር መፍቱሃ መጀመሪያ ሳቀች።
ኋላ ሰልፉ በሩን አልፎ ዝናብ ሲመታው፣ ተቆጣች፦
“ይሄ ሕፃን እኮ አልተወለደም ገና፣
እናቱም አልመጣች፣ አያቱም ልጅ ናትና!”

የአባ ፊጣ ልጅ ነኝ፣ ረውዳ። ሂርማታ ጥግ ላይ
እሱ በመሮው፣ እኔ በቁልፌ ስናንኳኳ፣
አንዳችን የሌላውን ሙያ አናውቅም እንኳ።
ማሽኑን የሚነዳው ሥርዓት ምንጩ ያልተከደነ፣
ሺህ እጅ የነካው፣ የማንም ያልሆነ፣
ማንም ገብቶ የሚያርመው፣ ማንም የሚያበላሸው ነው።
ገባሁ።

ሦስት ሌሊት ጠፋሁ። በአራተኛው፣ ከስንት ሺህ መስመር አንዲት ምልክት፤
“ያንሳል” ትላለች፣ “ያንሳል ወይም እኩል” ማለት ሲገባት።
የባትሪው ጉልበት ልክ ወሰኑ ላይ ሲያርፍ
ሰዓቱን የምታስረሳው እሷ ናት።
“ምን አገኘሽ?” አለኝ አባቴ።
“ነቀዝ።”
“እንጨት በሌለበት?”
“ጊዜ ነው የሚበላው።”
ዝም አለ። ነቀዝን ያውቃል፤ ጊዜንም ያውቃል።

ላክሁት። ከማላውቀው አገር መልስ መጣ፦ “ማስረጃሽ የታለ?”
መብራት ኃይል አላሳፈረኝም፤ በቀን አራቴ ይሞክርልኝ ነበር።
ሌላው፦ “ሐሳቡ ደግ ነው፣ ክፍተቱን ግን በታብ አድርጊው።”
ሦስተኛው ስለ አንዲት ሰረዝ ሁለት ገጽ ጻፈ።
“መቼ ነው የሚያልቀው?” አለ አባቴ፣ መሮውን እየሳለ።
“አያልቅም።”
“ስንት ይሸጣል?”
“አይሸጥም።”
“የማያልቅ በርጩማ፣ ያውም በነጻ! አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?” አለ።

የእሱ ሥራ ምሕረት የለውም። ሚስማር አያውቅ፣ ማጣበቂያ፤
ሦስቱም እግር ከአንድ ግንድ ነው፤
መሮው አንዴ ከሳተ ማገዶ ነው፣ ያ ነው ማብቂያ።

በሰባተኛው ቅጂ ገባ። ስሜ ከብዙ ስም መሃል ተጻፈ፤
ያን ማታ ዝናቡ እንኳ በቆርቆሯችን ላይ ቀስ ብሎ አለፈ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ከሩቅ፦
“በዚህች ምልክት የኔ ማሽን ጭራሽ አልነሳ አለ።”
ሻሩት። ስሜ እዚያው ቀረ፣ ሥራዬ ወጣ።
ኪቶ ፉርዲሳ አራት ዓመት የተማርኩት ሁሉ
ጉንጬ ላይ ነደደ።

የተቀመጥኩባትን በርጩማ በንዴት ገለበጥኳት።
ከሆዷ ሥር ጣት የማታህል ቁራጭ አየሁ፣
ከሌላ እንጨት ተጠርባ የተወተፈች፣
የግንዱን ጅማት ተከትላ የገባች፣
ሰም የለበሰች፤
ዕድሜዋ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም።
ቀና ብዬ አየሁት። አየኝ።
መሮውን መሳል ቀጠለ።

ከወር በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት
ምልክቴን መልሳ፣ ከጎኗ ሌላ መስመር ጨመረች፤
“ረውዳ ያየችው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው” ብላ ጻፈች።
ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት መብራት ሄዶ መጣ። ሲስተር መፍቱሃ ደወለች፦
“ዓመቱን አውቋል! ቀኑንም አውቋል!
ሁለት ደቂቃ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል።”

“ሁለት ደቂቃ ምን አላት፣” አለ አባቴ፣ “ተይው።”
በርጩማዬን ሳብኩ። ፋይሉን ከፈትኩ።
ጨለማ ነበር፤ ፋኖሱን አንስቶ
ወደ እኔ አዞረው።