የሚያጉረመርመው

ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ስትሄድ፣
ኬሚ ላይ፣ በኅዳር፣ ሲበረታ ብርድ፣
ካውኮ ገባ ሱቄ፤ በረዶ ከትከሻው
ሳያራግፍ ገና፣ «ፕሮጀክተር ነው የምሻው፤
ከሶፋዬ እስከ ግድግዳው አራት ሜትር ከሩብ።»
«ይቀመጡ» አልኩት፣ «በቅጡ እናስብ።»

አንዱን አበራሁለት፦ ጥቁሩ ከሰል የመሰለ፣
የሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ቀለሙ የበሰለ።
«ሌዘር ነው፤ አምፖል የለው የሚቀየር፤
ድምፁም ቢሉ፣ ከድመት እርምጃ አይበልጥ ከምር።»

ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ።
«ይሄማ ሞቷል» አለና ወደ ጥግ ዘለቀ።

እዚያ፣ ከቅናሹ መሀል፣ አቧራ የጠጣ አሮጌ፣
ደንበኛ የመለሰው፤ ልጥለው ነበር ፈልጌ።
ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ይንተከተካል እንደ ድስት፤
ጥቁሩ ግራጫ፣ ጠርዙ ብዥ ያለ፤ ምኑም አይረባ በእውነት።

እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሲኒማው ጣሪያ ሥር፣
ፊልም ሳዞር፣ ማሽኑ ነው ሲያወራኝ የሚያድር።
ሰዉ ከታች ሲያለቅስ እኔ ጥርሱን ስቀባ ዘይት፣
አንዱንም ፊልም አላየሁ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ በውነት።»

«ዋስትና የለውም» አልኩት፣ ደረሰኝ እየጻፍኩ።
«ለኔስ ማን ሰጠኝ?» አለ። ሣቀ። እኔም ሣቅኩ።

ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ ያን ውዱን አበራሁ፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ምንም አልሰማሁ።