ሠላሳ አንደኛው ድልድይ

ከሠላሳ አንደኛው ድልድይ ሥር፣ ማዕዘኑን በያዘው ድንጋይ፣
አውራ ጣት የሚውጥ ጭረት አለ፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ላይ።
መሮ አይደለም የቆረጠው፤
ገመድ ነው፣ እርጥብ ገመድ፣ መቶ ዓመት ሙሉ ያኘከው።
ፈረስ ከፊት፣ ጀልባ ከኋላ፣
ገመዱ መሃል ተወጥሮ፣ ድንጋዩን በቀስታ ሲበላ።

ፈረሶቹ ካለፉ ቆዩ። ጀልባውም ቀለም ተቀባ፣
በመስኮቱ ድመት ተኛበት፣ በጣራው በቀለ አበባ፤
መንገዱ ግን የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ጭቃ ወረሰው፣ እሾህ ገባ።

እኔ ሮለር ነጂ ነኝ፤ ኔቪል ይሉኛል፤ አገሩ ላንካሸር፣ ዝናብ ሥራ የማይፈታበት፤
ይህን የምነግራችሁም ቅኔ አውቄ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ሮለሬ ስለቆመበት።

የካቲት ላይ ስብሰባ ነበር፣ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ፤
እግረኛ በግራ፣ ብስክሌተኛ በቀኝ፣ በመሃል አንዲት ሻይ አፍሳሽ።
«ውሻዬን ሊገጩብኝ ነበር!» አለች ኢነስ ሳተርፊልድ ቆማ፤
«ብንደውል ቁጣ፣ ባንደውል ቁጣ» አለች ነርሷ ሩክሳና፣ ከሌሊት ፈረቃ መጥታ፣ ደክማ፤
«በላይኛው መንገድ መኪናው ይገፋኛል፣ እዚህ ደግሞ ጭቃው ይጥለኛል፤
ሰው ላስታምም ከምሄድ፣ እኔው ታምሜ መተኛት ይቀለኛል።»
መሐንዲሷ ብሬንዳ ሎማስ ካርታዋን ዘረጋች፤
ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት፣ የደቀቀ ጠጠር፣ ጎርባጣው ሁሉ ይስተካከል አለች።
ሲረል ሀርግሪቭ ከመጨረሻው ወንበር፣ ነጭ በትሩን በጉልበቱ መሃል ይዞ፣
ምንም አላለም። ኮቱ ገና እርጥብ ነበር፣ ፊቱ ወደ መስኮቱ ፈዞ።

ሦስት ሳምንት እሾህ መነጠርን፣
የአሮጌ ብስክሌት አጽም ከውሃው ጎተትን፣
ጠጠር አፈሰስን። ከኋላዬ ምድር እንደ ተተኮሰ ልብስ፤
ኩራት ነበር፣ አልዋሽም፤ ጠጠር ሲታዘዝ፣ ሲለሰልስ።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ፣
ሲረልን አገኘሁት፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ በመንገዱ መሃል ጠፍቶ።
ሃያ ስድስት ዓመት በሄደበት መንገድ ላይ!
በትሩ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፤ ውሃው ሁለት እርምጃ ነው፤ እሱ አያይ።
«ኔቪል ነህ?» አለ፤ ናፍጣ ሸትቼው መሰል፤
«የሰረቅከኝን መልስልኝ» አለ፤ የቀልድም፣ የምሬትም ይመስል።
«ከቤቴ ስወጣ መጀመሪያ ጎርባጣው፣ ከዚያ ያበጠው የዛፍ ሥር፣
ሦስተኛው ኩሬ እግሬን ሲያርሰው፣ ‹ጎንበስ በል፣ ድልድይ ነው› የሚለኝ ምስጢር፤
እናንተ ጭቃ ነው ብላችሁ የደፈናችሁት
ፊደሌ ነበር። በእግሬ ያነበብኩት።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ከቄጠማው ውስጥ ዳክዬ ጮኸች።
ብሬንዳ በምሳ ሰዓት መጣች፤ ሰማች፤ ቆቧን አወለቀች፤
ካርታው ላይ ያልነበረ ነገር ነውና፣ እርሳስ ፈለገች።

ከጠጠሩ ሥር የቀበርናቸው፣ ፈረስ እንዳያዳልጠው የተነጠፉ
ጥርብ ድንጋዮች ነበሩ፤ ጀርባቸው በኮቴ ያለቀ፣ ከሰው በላይ ዕድሜ የገፉ።
መልሰን አወጣናቸው። ከድልድዩ ወዲህ አራት ረድፍ፣ ወዲያም አራት ረድፍ፣
ሆን ብለን ጎርበጥ አድርገን፣ ጣት ያህል ብቅ እንዲል ጫፍ።

ያልጠበቅነው ነገር፦ ብስክሌቱም እዚያ ሲደርስ ይንገጫገጫል፤
የነጂው ጥርስ ይጋጫል፣ እጁ ሳይታዘዝ ፍሬን ይይዛል።
ኢነስ ዛሬም ታጉረመርማለች፤ ውሻዋ ግን ከድንጋዩ ዳር ፀሐይ ይሞቃል።

ትናንት በንጋት፣ ሩክሳና ከፈረቃ ስትመለስ፣
ድንጋዩ ጋ አንድ እግሯን አወረደች፤ «እለፍ፣ ሚስተር ሀርግሪቭ»፤
እሱ ደግሞ፣ «እንቅልፍ የጠራው ሰው ይቅደም» ብሎ ሲመልስ፣
ሁለቱም ቆሙ። ሳቁ። ማን እንደቀደመ አላስታውስም፤
ውሃው አልቸኮለም፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ከዚያ ሲረል እጁን ዘረጋ፣ ወደ ማዕዘኑ ድንጋይ፣
አውራ ጣቱን ጭረቱ ውስጥ አሳረፈ፤
«ይሄን ደግሞ እንዳትጠግነው» አለኝ፣ መኖሬን ሳያይ።